ጉልበት ላይ የበቀለ ርስት

ሰዎቹ፦
ቸኮል — የርስት ተሟጋች፤ በራሱ ግምት የማያውቀው ነገር የለም
ፈንታው — ገበሬ፤ በሰው ግምት ነገር ቶሎ አይገባውም

[የካቲት 1967 ዓ.ም.። ከመካነ ሰላም ከተማ በላይ ያለው ዳገት አፋፍ። አንዲት በቅሎ መንገዱ መሃል ቆማለች። ፈንታው ተቀምጦባታል፤ ቸኮል ልጓሟን ይዞ ቆሟል። ሁለቱም አንድ አንድ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረዋል።]

ቸኮል፦ ውረድ ብዬሃለሁ፣ ውረድ!

ፈንታው፦ ጋሼ ቸኮል፣ አሁን እኮ ነው የወጣሁት። ጉልበቴ ገና አልበረደልኝም።

ቸኮል፦ ከተማው ታየ። ከተማ ከታየ በኋላ በቅሎ ላይ የሚቀመጠው ባለ ጉዳዩ ነው።

ፈንታው፦ በቅሎዋ የአማቴ ናት። ወይዘሮ ወርቄ የሰጡኝ “ጉልበትህን ለሐኪም አሳይተህ ና” ብለው ነው።

ቸኮል፦ ሐኪም በምን መጣህ ብሎ ይጠይቅሃል? ዳኛ ግን በመስኮት ያያል። እኔ ከላይ፣ አንተ ልጓም ይዘህ ከታች ሆነን ስንገባ ሰው ሁሉ “ማናቸው?” ይላል። ያኔ አንተ ምን ትላለህ?

ፈንታው፦ ጋሼ ቸኮል ናቸው እላለሁ።

ቸኮል፦ ኤዲያ! “ባለ ርስቱ ናቸው” ነው የምትለው! በል እስቲ ሞክረው።

ፈንታው፦ [ቀስ ብሎ] ባለ ርስቱ ናቸው።

ቸኮል፦ ለበቅሎዋ ነው እንዴ የምትነግራት? ጮክ በል እንጂ!

ፈንታው፦ ባለ ርስቱ ናቸው!

[በቅሎዋ ደንግጣ ትፈናጠራለች። ፈንታው ዱብ ይላል።]

ቸኮል፦ እሰይ፣ ወረድህልኝ። ርካቡን ያዝ።

[ቸኮል እግሩን ሊያነሳ ይሞክራል፤ “ዋይ!” ብሎ ይመልሳል። ፈንታው ከመሬት ተነስቶ ደግፎ ያወጣዋል።]

ፈንታው፦ እርስዎን ደግሞ ምን አገኘዎት? በጥምቀት ሲዘሉ አይቼዎት አልነበር?

ቸኮል፦ ከጥምቀት ወዲህ ነው የወጣልኝ። ጉጡ! እንዳንተው፣ እዚሁ፣ ከጉልበቴ በታች በውስጥ በኩል።

ፈንታው፦ በዚህ ዕድሜ? የኔ እኮ ልጅ ሆኜ ቁመት ስጨምር ነው አብሮኝ ያደገው።

ቸኮል፦ ደም የሚነቃበት ጊዜ አለው። ያንዳንዱ በልጅነቱ ይነቃል፣ ያንዳንዱ ደግሞ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲደርስ።

ፈንታው፦ ወይ ጉድ! ያምዎታል?

ቸኮል፦ እንደ እሳት! በተለይ ማታ ማታ።

ፈንታው፦ የኔስ ጉጡ ራሱ አያመኝም። ችግሩ የማሳው ዳር ደርሼ በሬ ሳዞር ነው። ጅማቱ ጉጡ ላይ ወጥቶ ቀጭ ሲል ዓይኔ ይጨልማል። ወጌሻው “ዐጥንት ወልቋል” ብሎ በቅቤ እያሸ ወደ ቤቱ ልመልሰው ሲል ደግሞ ጭራሽ አልጋ ላይ ጣለኝ።

ቸኮል፦ ወጌሻ ምን ያውቃል! ይኼ የወለቀ ዐጥንት አይደለም፤ የቅድመ አያት ማኅተም ነው። አቤቶ ወልዴን ሰው ማን ነበር የሚላቸው?

ፈንታው፦ ባለጉጡ።

ቸኮል፦ ጉጣቸው የት ነበር?

ፈንታው፦ ጉልበታቸው ላይ። በሕማማት እንኳ መስገድ አይችሉም ነበር ይባላል።

ቸኮል፦ ቀይ አፈር የሚባለው ማሳ የማን ርስት ነበር?

ፈንታው፦ የእሳቸው።

ቸኮል፦ አሁን ማን በላው?

ፈንታው፦ ግራዝማች ቢተው።

ቸኮል፦ ግራዝማች ቢተው ጉጥ አለው?

ፈንታው፦ እኔ እንጃ። የግራዝማችን ጉልበት የት አይቼው!

ቸኮል፦ እኔ አስጠይቄያለሁ። እግሩን የሚያጥበው ሎሌ በግልጽ ነግሮኛል፦ ልሙጥ ነው፣ እንደ እንቁላል! እንግዲህ ዳኛው ፊት ሦስት ጉልበት ቀረበ እንበል። ያንተ ጉጥ አለው፣ የኔ ጉጥ አለው፣ የቢተው ልሙጥ ነው። ማን ይረታል?

ፈንታው፦ ጉጥ ያለው።

ቸኮል፦ አየህ? ሲያስረዱህ ይገባሃል እኮ!

ፈንታው፦ ግን ጋሼ፣ እናቴም ነበረባት።

ቸኮል፦ ምኑ?

ፈንታው፦ ጉጡ። እናቴም፣ ወንድሟም። እናቴ ደግሞ...

ቸኮል፦ እናትህን ከሙግት አውጣት! ነፍሷን ይማርና ባረፈችበት ትረፍ። በል ሳብ፣ ዳኛው ሳይገባ እንድረስ።

ፈንታው፦ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው።

ቸኮል፦ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ነው።

ፈንታው፦ [ልጓሙን ለቆ መንገዱ ዳር ይቀመጣል] እንግዲያው እኔ እዚሁ ነኝ።

ቸኮል፦ ምን ዓይነት ግትር ነህ አቦ! እሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። ብቻ የሐኪም ቤቱ ድሬሰር “ልቁረጠው” ቢልህ አሻፈረኝ በል።

ፈንታው፦ ሕመሙን ከተወልኝ ለምን አላስቆርጠውም?

ቸኮል፦ ማስረጃ ነዋ! ከሙግቱ በኋላ ከፈለግህ አንገትህን አስቆርጥ።

ፈንታው፦ እሺ። የቦራስ ነገር?

ቸኮል፦ የምን ቦራ?

ፈንታው፦ በሬዎ። ጉልበቴን ለዳኛው ካሳየሁ ቦራን ከኔ በሬ ጋር አቀናጅተህ እረስ ብለውኛል። እኔ የቀረኝ አንድ ነው። ጓደኛውን በክፉ ቀን በእህል ለወጥሁት፣ ሲነዱት ዞሮ ዞሮ ሲያየኝ... ተዉት ብቻ። ቀይ አፈርን ለግራዝማች በእኩል የማርሰው እኔ ነኝ። ዝናቡ ሳይጥል ካላለሰለስሁት ሚስቴ አልታየችና ልጆቼ ተመልሰው የዕርዳታ ስንዴ ሰልፍ ላይ ናቸው። እኔ ያንን ሰልፍ ሁለተኛ አላይም ብያለሁ ጋሼ። አላይም።

ቸኮል፦ ሰምቻለሁ። ግን “ስረታ” ነው ያልሁህ። ከተረታሁ ቦራ ተሽጦ ለነገረ ፈጁ ይሄዳል፣ ይግባኝ አለብኝ።

ፈንታው፦ [ተነስቶ ልጓሙን እየያዘ] እሺ። መጁስ?

ቸኮል፦ የምን መጅ ደግሞ?

ፈንታው፦ የአልታየች ወፍጮ መጅ። በጥምቀት ማግስት “ለመድኃኒት ነው” ብለው የወሰዱት። ይኸው ሚስቴ ወፍጮዋ መጅ አጥቶ ቁናዋን ይዛ ሰው ቤት ስትዞር ነው የምትውል።

ቸኮል፦ መድኃኒቱ ገና አልደረሰም።

ፈንታው፦ ምን ቢወቅጡበት ነው እስካሁን ያልደረሰ?

ቸኮል፦ [ጉልበቱን እያሻሸ] ጠንካራ ነገር ነው። ሳብ በቅሎዋን!

[ከአፍታ በኋላ። መካነ ሰላም፣ የሐኪም ቤቱ በር። በቅሎዋ ታስራለች። ቸኮል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አሻግሮ ፍርድ ቤቱን እያየ ለብቻው ያወራል።]

ቸኮል፦ እይ እስቲ፣ አንድ ሰው የለም! ወትሮ መቆሚያ የሚጠፋበት ግቢ ጭር አለ። ተሟጋቹ ሁሉ ቸኮል ዛሬ ማስረጃ ይዞ ይመጣል ሲባል ፈርቶ ቀረ። ግራዝማች ቢተውም የለም። በሌለበት ነው የማስፈርድበት!

[ፈንታው ከውስጥ ይወጣል።]

ቸኮል፦ ቆረጠው?

ፈንታው፦ አልቆረጠውም።

ቸኮል፦ ተመስገን! ምን አለህ?

ፈንታው፦ ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ገባሁ። ሰው ሞልቷል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ሬድዮኑ...

ቸኮል፦ ሬድዮኑን ተወው! ስለ ጉጡ ንገረኝ።

ፈንታው፦ እሺ። ተራዬ ደረሰ። ድሬሰሩ ግን ወደ ሬድዮኑ ጆሮውን ጥሎ...

ቸኮል፦ ጉጡን አልሁህ!

ፈንታው፦ ጉጡን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። “ይኼ ዐጥንት ነው፤ ካጥንትህ ላይ የበቀለ። አንተ ስታድግ አድጓል፣ አንተ ስታቆም እሱም አቁሟል። ክፉ በሽታ አይደለም፣ አይገድልህም፣ እግርህንም አይወስደውም” አለኝ። ጋሼ፣ ይኼን ስሰማ እንባዬ መጣ። እኔ እኮ እግሬ ይቆረጣል ብዬ ስንት ሌሊት አልተኛሁም!

ቸኮል፦ እግርህ ምን ይሆናል! ቀጥል።

ፈንታው፦ “የሚያምህ ጅማቱ እላዩ ላይ ሲፋተግ ነው። ሲብስህ ዕረፍ፣ ወጌሻ እንዳያሽህ። እንደገና ማደግ ከጀመረ ወይ ሥራ ከከለከለህ ደሴ እልክሃለሁ፣ እዚያ ይነቅሉልሃል” አለኝ።

ቸኮል፦ ከዘር የመጣ ነው አላለም?

ፈንታው፦ አለ እንጂ! “አንዳንዴ በዘር ይሄዳል፣ ከቤተሰብ ማን አለበት?” ብሎ ጠየቀኝ።

ቸኮል፦ [ጉልበቱን ረስቶ ብድግ ይላል] አላልሁህም! ምን አልኸው?

ፈንታው፦ እናቴና አጎቴ አልሁት። “በእናትህ በኩል ነዋ” አለ።

ቸኮል፦ እንዴት በእናትህ! እኔና አንተ የምንዛመደው በአባትህ ነው! አቤቶ ወልዴ ያባትህ ቅድመ አያት ናቸው! እናትህ የከላላ ሰው አይደለችም?

ፈንታው፦ የከላላ ናት።

ቸኮል፦ ታዲያ የከላላ ጉጥ እኛ አገር ቀይ አፈር ላይ ምን አገባው!

ፈንታው፦ እኔም ይገርመኝ ነበር። መንገድ ላይ ልነግርዎት ስል “እናትህን ከሙግት አውጣት” አሉኝ፤ አወጣኋት።

ቸኮል፦ [ወዲያ ወዲህ እያነከሰ] ግድ የለም። ግድ የለም። ዳኛው እናትህን የት ያውቃታል! ደግሞስ የኔ አለ አይደል? የኔ ጉጥ ጥርት ያለ ባባት የመጣ ነው። ድሬሰሩ ራሱ አይቶ ይመስክርልኝ!

ፈንታው፦ ጋሼ፣ ሳይገቡ ሬድዮኑ...

ቸኮል፦ ሬድዮን፣ ሬድዮን! ካገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሬድዮን ሲያይ እንዲህ ነው የሚሆነው!

[ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ “ዋይ! ኧረ አትጫነው! ኧረ በሕግ አምላክ!” የሚል ጩኸት። ቸኮል ጉልበቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ይወጣል።]

ፈንታው፦ ምን አለዎት?

ቸኮል፦ ጀማሪ ነው። ገና እየተማረ ነው።

ፈንታው፦ ዐጥንት ነው አለ?

ቸኮል፦ እብጠት ነው አለ። ሲጫኑት ይሰረጉዳል አለ። ቢሰረጉድስ! የኔ ጉጥ ጨዋ ነው፣ ሲነኩት ዝቅ ይላል። ያንተ ነው ባለጌው።

ፈንታው፦ ከምን መጣ አለ?

ቸኮል፦ “አንድ ጠንካራ ነገር አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መትቶሃል” አለ። እንግዲህ የሱ ግምት ነው።

ፈንታው፦ ጠንካራ ነገር?

ቸኮል፦ አዎ።

ፈንታው፦ ጠቆር ያለ?

ቸኮል፦ ምን?

ፈንታው፦ ጠቆር ያለ ድንጋይ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ሆዱ በመፍጨት ብዛት የለሰለሰ?

ቸኮል፦ [ወዲያና ወዲህ ገልመጥ ብሎ] ድምፅህን ቀንስ!

ፈንታው፦ በሚስቴ መጅ!

ቸኮል፦ ቀንስ አልሁህ! ምን ላድርግ? አልወጣ ሲለኝ አወጣሁት! ጥንድ በሬዬን፣ ላሜን፣ የሚስቴን የንግሥቴን ጌጥ ሳይቀር ለዚህ ሙግት ሸጫለሁ። የተረፈኝ ቦራ ብቻ ነው። ንግሥቴ “ወይ እኔን ወይ ሙግቱን” ብላ ኩታበር እናቷ ቤት ገባች። ዛሬ ካልረታሁ በምን ፊቴ ሄጄ ነይ ልበላት? ንገረኝ፣ በምን ፊቴ?

ፈንታው፦ [ከልቡ] አይዞዎት ጋሼ። ይህን ያህል መሆንዎን አላወቅሁም።

ቸኮል፦ እንግዲህ የቀረኝ ያንተ ጉልበት ነው። እናትህን ሳታነሳ ዝም ብለህ ሱሪህን ሰብስበህ ትቆምልኛለህ። ተነስ እንሂድ።

ፈንታው፦ አልሄድም።

ቸኮል፦ ምን?

ፈንታው፦ ቦራን ካልማሉልኝ አልሄድም። ረቱም ተረቱም ቦራ ዘንድሮ ከኔ በሬ ጋር ይጠመድ።

ቸኮል፦ ይግባኙስ?

ፈንታው፦ እንግዲያው ጉልበቴ እንደተሸፈነ ይቀራል።

ቸኮል፦ ይኼ ቀማኛ! ዳኛው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ!

ፈንታው፦ ይጠብቅ።

ቸኮል፦ ከማን ተማርኸው እባክህ ይኼን? እሺ! እመብርሃንን! ረታሁም ተረታሁም፣ ዳኛው ቢመጣም ቢቀርም፣ ፍርድ ቤቱ ቢፈርስም ቢቃጠልም፣ ቦራ ዘንድሮ ካንተ በሬ ጋር ያርሳል! በቃህ?

ፈንታው፦ በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሬድዮኑን ልንገርዎት?

ቸኮል፦ ተናገረው በቃ፣ ተናገረውና ይውጣልህ!

ፈንታው፦ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አዋጅ ተነበበ። መሬት የሕዝብ ሆነ አለ። ርስት የሚባል ነገር ቀረ። ለባላባት እኩል መክፈልም ቀረ። የሚያርስ ሰው ባረሰው ላይ ይቆያል። ፍርድ ቤት ያለ የመሬት ክርክር ሁሉ ተዘግቷል አለ።

ቸኮል፦ [ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል] ሁሉ?

ፈንታው፦ ሁሉ።

ቸኮል፦ የኔም?

ፈንታው፦ ስም አልጠራም። ግን ሁሉ ነው ያለው።

ቸኮል፦ [አሻግሮ ባዶውን ፍርድ ቤት ያያል] ለካ ለዚህ ነው ጭር ያለው። ታዲያ ቀይ አፈር... ለቢተው ቀረ?

ፈንታው፦ ለሚያርሰው ነው።

ቸኮል፦ የሚያርሰው ማነው?

[ፈንታው በአውራ ጣቱ ደረቱን ይነካል።]

ቸኮል፦ በሕግ አምላክ! ስታስምለኝ ይኼን እያወቅህ ነበር!

ፈንታው፦ ስወጣ ልንገርዎት ስል ተወው አሉኝ። እርስዎ ሲገቡም ተወው አሉኝ። ተውሁታ።

ቸኮል፦ [ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ] አይ ቸኮል! ላሜን፣ በሬዎቼን፣ ንግሥቴን! አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢታወጅ ምናለ! ትናንት ማታ እኮ ከመቼውም አብልጬ ነው የመታሁት!

ፈንታው፦ ጋሼ፣ ይነሱ። ቦራ አልተሸጠም። እርስዎም አሉ። አብረን እናርሳለን፣ የተገኘውን እንካፈላለን። የርስዎ በሬ ያረሰውን እኔ ብቻዬን አልበላም። ንግሥቴም ሙግቱ መቅረቱን ስትሰማ ማን ይይዛታል? በራሷ ትመጣለች።

ቸኮል፦ ትመጣለች ትላለህ?

ፈንታው፦ ትመጣለች እንጂ! ሙግቱን እንጂ እርስዎን መች ጠላች።

ቸኮል፦ እኔ እርፍ ከጨበጥሁ ቆየሁ፣ ፈንታው።

ፈንታው፦ አሳይዎታለሁ። በሬ ሲያዞሩ ጉልበትዎን እንዳይጠመዝዙ ብቻ፤ የኔን አውቀዋለሁ።

[ደግፎ በቅሎዋ ላይ ያወጣዋል፣ ልጓሙን ይይዛል። ከከተማው ጫፍ የብዙ ሰው ዘፈንና ጭብጨባ ይሰማል።]

ቸኮል፦ ምንድነው ያ?

ፈንታው፦ ዘማች ተማሪዎቹ ናቸው፣ ሕዝቡን አስከትለው። “መሬት ላራሹ” እያሉ ወደዚህ እየመጡ ነው።

ቸኮል፦ ቶሎ ቶሎ ሳብ!

[ሰልፉ ይደርስባቸዋል። ከመሃል አንድ ድምፅ፦ “በቅሎዋ ላይ ያሉት ማናቸው?”]

ፈንታው፦ [በሙሉ ድምፁ] ባለ ርስቱ ናቸው!

ቸኮል፦ ዝም በል! ልታስፈጀኝ ነው?

ፈንታው፦ ጠዋት ያስጠኑኝን እኮ ነው።

ቸኮል፦ በሽተኛ ናቸው በል! በሽተኛ!

ፈንታው፦ በሽተኛ ናቸው!

[ድምፁ፦ “ምን ሆነው ነው?”]

ፈንታው፦ ጉልበታቸውን በሚስቴ መጅ...

ቸኮል፦ [ከላይ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ይዞ] መጁን ዛሬ አመጣለሁ! ዛሬውኑ! አፈር ስሆን!

ፈንታው፦ ...በቅሎ ረግጣቸው ነው!

[ሰልፉ እየጨፈረ ያልፋል። ሁለቱ ዳገቱን ይጀምራሉ። ቸኮል ላቡን ይጠርጋል።]

ቸኮል፦ ፈንታው።

ፈንታው፦ አቤት ጋሼ።

ቸኮል፦ የመጁን ነገር ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም አይደል? ለሰው አትንገርብኝ።

ፈንታው፦ እኔ ለማን ነግሬ!

ቸኮል፦ ተባረክ። መሳቂያ እንዳልሆን ነው።

ፈንታው፦ የሚነገረው ሰውማ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ አልነበር እንዴ? መሸት ሲል “ዱብ!” ይላል፣ ቀጥሎ “ዋይ!” ይላል። ዱብ! ዋይ! አልታየች ደጅ ወጥታ ታዳምጥና “መጄ ደህና ነው፣ እንዲያውም ዛሬ ጋሼ ቸኮል በርትተዋል” ብላ ገብታ ትተኛለች።